ለውሃ አባት ውሃ መከልከል

በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ ክፍል ክራንችና ጎማው የወለቀ ዊልቸር የሚከማችበት ነበር። ወልድያ ላይ ለተግባር ልምምድ የተመደብኩበት ሆስፒታል፣ ከእኔ በፊት የንግግርና የመዋጥ ሕክምና የሚማር ሰው መጥቶለት አያውቅም። ሜትሮኗ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ፀጉሬን ሽበት ጀምሮታል፤ ተማሪ አልመስልም።

«ሲስተር ለተ፣ አንቺን የት ላድርግሽ?» አለችኝ።

«ሰው ሲያወራና ሲውጥ ጸጥ ብዬ የምሰማበት ቦታ ካለ ይበቃኛል» አልኳት።

«እዚህ አገር ሰው ያለ ሐኪም ሲያወራም ሲውጥም ነው የኖረው» ብላ ሳቀች። ቁልፉን ግን ሰጠችኝ።

ክራንቾቹን ወደ አንድ ጥግ ገፍቼ ጠረጴዛዬን መስኮቱ ሥር አደረግሁ። ዕቃዎቼን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደረደርኩ፦ የእጅ ባትሪ፣ የምላስ መጫኛ እንጨት፣ ጓንት፣ የሻይ ማንኪያ፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፣ ጣት ላይ የሚቆነጥጥ የኦክስጅን መለኪያ፣ ስቴተስኮፕ። በሩ ላይ «የንግግር ሕክምና» የሚል ወረቀት ለጠፍኩና ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ያንኳኳችው ነጠላዋን ያጣፋች ጎልማሳ ሴት ነበረች። ምን እንደሚያማት ጠየቅኋት።

«እኔስ ደኅና ነኝ። ባሌ ካኮረፈ ከራረመ። ታናግሪልኝ እንደሆን ብዬ ነው።»

ሥራዬ ምን እንደሆነ አስረዳኋት። በትዕግሥት አዳመጠችኝ። «እንዲህ ከሆነማ ምን አስለጠፈሽ!» ብላኝ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ ላይ «በስትሮክና በሌላ በሽታ ለታወከ» የሚል መስመር ጨመርኩ።

ትምህርት ዘግይቼ ነው የጀመርኩት። አባቴ ከትግራይ መጥቶ ወልድያ ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር፤ እኔ ከባንኮኒው ጀርባ አደግሁ። ፊደል የለቀምኩት ከወንድሜ ደብተር ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ አብረውኝ የተቀመጡት ልጆች እግር መሬት አይነካም ነበር፤ የእኔ ጉልበት ግን ጠረጴዛውን ያነሳው ነበር። ልጆቹ «እቴቴ» ይሉኛል። መምህሩም ተሳስተው አንድ ቀን «እቴቴ፣ ሰሌዳውን አጥፊልኝ» አሉኝና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ሰሌዳውን ግን ጥግ ጥጉ ሳይቀር አጠፋሁ፤ ያን ጊዜም ጥንቁቅ ነበርኩ።

ከዚያ ነርስ ሆንኩ፤ ለብዙ ዓመት። ስትሮክ የመታቸው ሰዎች ከሞት ተርፈው፣ ዘመድ በደስታ ሻይ ሲያጠጣቸው ትን ሲላቸው አያለሁ። ትንሽ ይቆዩና ትኩሳት ይጀምራቸዋል። ከዚያ ሳምባቸው። ምክንያቱን ለማወቅ መጽሐፍ ስፈልግ ነው ሁለተኛ ዲግሪ ውስጥ ራሴን ያገኘሁት።

አዲስ አበባ ላይ ያስተማረችን መምህርት ሰብለ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ስህተት ግን አታሳልፍም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሠራችን ሌላ ምንም አልነበረም፤ እርስ በርስ ጉሮሮ ማዳመጥ ብቻ። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ትላለች። «ጉሮሮ በዓይን አይታይም።»

ስቴተስኮፑን የጓደኛዬ አንገት ላይ፣ ከማንቁርቱ ጎን አሳርፌ ዓይኔን እጨፍናለሁ። መጀመሪያ ትንፋሽ ይሰማል፤ ዛፍ መሐል እንደሚያልፍ ነፋስ። ከዚያ ጸጥ ይላል። ጸጥታው ውስጥ፣ ሩቅ ጉድጓድ ውስጥ ጠጠር እንደወደቀ ያለ ነገር ይሰማል። ከዚያ ትንፋሹ ደርቆ፣ ጠርቶ ይመለሳል። ይሄ ጤነኛ ጉሮሮ ነው። በታመመ ጉሮሮ ግን ትንፋሹ ሲመለስ ውሃ ይዞ ይመለሳል። እየተንተከተከ። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ሳዳምጥ ውዬ ወደ ቤት በታክሲ ስሄድ፣ በመስኮት የማየው ሰው ሁሉ አንገት ብቻ ሆኖ ይታየኛል፤ በየአንገቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ በር ስትከፈትና ስትዘጋ።

ሸህ እንድሪስን ያገኘኋቸው ወልድያ፣ ወንዶች ክፍል ውስጥ ነው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን መቷቸዋል። አፋቸው ወደ አንድ በኩል ተጎትቷል፤ ሲናገሩ ጥጥ የጎረሱ ይመስላሉ። አእምሯቸው ግን ሙሉ ነው። በአፍንጫቸው የምግብ ቱቦ ገብቶ በፕላስተር ጉንጫቸው ላይ ተለጥፏል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋጡማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቱቦውን በጥርጣሬ ያዩታል።

አገራቸው ሀብሩ፣ ግራና ከተማ አጠገብ ነው። እዚያ የመስኖ ውሃ በተራ ይዳረሳል። ቦዩ ዛሬ የማን ማንጎ፣ ነገ የማን ሽንኩርት ላይ እንደሚዞር የሚወስን፣ ሁሉ ያመነው ሽማግሌ የውሃ አባት ይባላል። ሸህ እንድሪስ ያ ሰው ነበሩ።

«አንቺ ደግሞ በምን ልትወጊኝ ነው?» አሉኝ።

«አልወጋም ሸህዬ። ሲውጡ ልሰማ ነው።»

«ምን አለኝና እውጣለሁ? ምራቄን?»

«እሱኑ ነው የምሰማው።»

ሳቁ። አፋቸው በአንድ ወገን ብቻ ሳቀ።

ፈተናውን በመጽሐፉ ቅደም ተከተል አደረግሁ። ቀጥ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ጣቶቼን ማንቁርታቸው ላይ አሳረፍኩ፤ ሲውጡ ወደ ላይ መነሳት አለበት። ይነሳል፤ ዘግይቶ ነው እንጂ። በሻይ ማንኪያ ያልወፈረ፣ ቀጭን ውሃ ሰጠኋቸው። በስቴተስኮፑ የሰማሁት ጸጥታ ከልክ በላይ ረዘመ፤ ከዚያ ሳል መጣ። «አ» ይበሉ ስላቸው ድምፃቸው ረጥቧል፤ ውሃው የድምፅ መውጫው ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ወፈር ያለ የአጃ አጥሚት ስሰጣቸው ግን ንጹሕ ሆኖ ወረደ። ወፍራም ነገር ቀስ ብሎ ስለሚሄድ፣ የዘገየችው በር ለመዘጋት ጊዜ ታገኛለች።

ከዶክተሩ ጋር ተነጋግረን ቱቦው ወጣ። ቤታቸው እንዲሄዱ ተፈቀደ። ፋጡማን አጥሚቱንና የሚጠጣውን ውሃ በአጃ ዱቄት እንዴት እንደሚያወፍሩት አሳየኋቸው። ውፍረቱን ለመለካት ሲሪንጅ ሞልቼ ምን ያህል ቀስ ብሎ መንጠብጠብ እንዳለበት ሳሳያቸው፣ በጣታቸው ነክተው «ለአራስ እንደሚደረገው ነዋ» አሉ። ልክ ነበሩ።

«ቀጭን ውሃ ግን አይጠጡም» አልኳቸው ለሸህ እንድሪስ። «ወደ ሳምባ ይገባል።»

«እስከ መቼ?»

«ጉሮሮዎ እስኪጠነክር።»

«ተራዬ እስኪደርስ በይኛ» አሉ። «እሺ። ሰው ያለ ተራው ውሃ ሲያዞር እኔ ነበርኩ የምቀጣ። ቃሌ ነው፣ አላዞርም።»

ጥቂት ቀን ቆይቼ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከወልድያ መናኸሪያ ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ። ጠዋት ስለነበር ጭጋጉ ከመንገዱ ገና አልተነሳም። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው በስልኩ አምባሰል ከፍቶ አብሮ ያንጎራጉራል፤ ረዳቱ እንኳ ዝም ብሏል። እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ የማላውቀው ነገር ወሰደኝ። ቦዮች ሁሉ ወደ አንድ ትልቅ ጉሮሮ ሲፈሱ፣ እኔም ዳር ቆሜ «ቀስ፣ ቀስ» ስል አየሁ። የነቃሁት ረዳቱ «መርሳ! መርሳ ወራጅ!» ሲል ነው። ከመርሳ በባጃጅ ግራና፣ ከግራና በእግር።

ሸህ እንድሪስ ማንጎ ሥር አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል። ከአጥሩ ማዶ ቦዩ ይሰማል። ጠጋ ብዬ ሳያቸው ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

«እንኳን መጣሽ ልጄ» አሉ ፋጡማ። «አልጠጣም ብለው ፈጁኝ። ሁለት ማንኪያ ይውጡና ፊታቸውን ያዞራሉ።»

«ሸህዬ፣ ለምን?»

«ያወፈራችሁት ነገር ውሃ አይደለም» አሉ። «ውሃ አይታኘክም። ለበሬዬ ባቀርብለት አሽትቶ ይተወዋል።»

«በሬውን ተዉት፣ አንቱ ይጠጡ!» አሉ ፋጡማ።

«በሬውስ ቢሆን ከኔ ይሻላል፤ ቦዩ ሄዶ ይጠጣል።»

ቀልዳቸው አልቀረም። ግንባራቸው ግን ይፋጃል። የኦክስጅኑ መለኪያ ወረድ ብሏል። ከማሳው በላይ ወዳለው ጉብታ ወጥቼ ዶክተሩ ጋ ደወልኩ። መድኃኒት አዘዘ፤ ከመርሳ በዚያው ቀን ተገዛ። ዶክተሩ አንድ ነገር ግልጽ አደረገ፦ ሳምባቸው ሁለተኛ ከታመመ ወደ ሆስፒታል ይመለሳሉ፤ ቱቦውም ይመለሳል።

ነገርኳቸው። ሸህ እንድሪስ ደኅነኛ እጃቸውን አነሱ።

«ያን ገመድ ሁለተኛ በአፍንጫዬ አላስገባም። ወላሂ አላስገባም። አላህ የወሰነው ከሆነ እዚሁ፣ ማንጎዬ ሥር።»

ፋጡማ ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ወፍራሙን አይጠጡም፣ ቀጭኑን እኔ አልፈቅድም፣ ቱቦውን እሳቸው አይፈቅዱም። በውሃ ጥም ወይም በሳምባ ምች ሊሞቱ ነው።

ባትሪዬን አብርቼ አፋቸውን አየሁ። ምላሳቸው ነጭ ለብሷል። ስሜት ያጣው ግራ ጉንጫቸው ውስጥ የትናንት አጥሚት ደርቆ ተጣብቋል። ያሳሰበኝ ከጥሙ ይልቅ ይሄ ነው።

«አፍዎን በምን ያጸዳሉ?»

«ትቼዋለሁ» አሉ በአጭሩ።

ወዲያው የቀትሩ የዙህር አዛን ተሰማ። ለመስገድ እንዲመቻቸው ብዬ ወደ አጥሩ ራቅ አልኩ። ፋጡማ ከሶላት በፊት ለሚደረገው ትጥበት፣ ለውዱእ፣ የውሃ ጆግ ይዘው ይመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ይዘው የመጡት ንጹሕ አፈር የተደረገበት ሳህን ነው። ሸህ እንድሪስ መዳፋቸውን አፈሩ ላይ አሳረፉ፤ አራገፉና ፊታቸውን፣ ከዚያም እጃቸውን አበሱ። እስላምና ክርስቲያን ጎረቤት ሆኖ በሚኖርበት ሰፈር ስላደግሁ አውቀዋለሁ፤ ተየሙም ነው። ውሃ ለታጣበት፣ ወይም ውሃ ለሚጎዳው ሰው የተፈቀደ።

ሰግደው እስኪጨርሱ ቆየሁ።

«ሸህዬ፣ በአፈር ያደረጉት ለምንድን ነው? ውሃው እዚህ ይሰማል እኮ።»

ተገረሙብኝ። «አንቺ አይደለሽ የከለከልሽ?»

«አይጠጡ ነው ያልኩት።»

«ልጄ፣ ስጉመጠመጥ ጠብ ብትልስ? ቃል ገብቼ የለ? ጾም እንደያዝኩ ነው የቆጠርኩት። መፋቂያውንም ተውኩት፤ ምራቅ ያበዛል፣ ምራቅም ውሃ ነው ብዬ።»

«እኔም ጆጉን ከፊታቸው አንስቻለሁ» አሉ ፋጡማ። «እንዳያምራቸው።»

ቁጭ አልኩ። ማንጎው ጥላ ውስጥ የብርሃን ቁርጥራጮች አልጋው ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ለአፍታ የማስበው ሁሉ ከውሃ በታች ያለ መሰለኝ፤ ዝግ ያለ፣ የጠራ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ በቀን አምስት ጊዜ አፋቸውን ሲጉመጠመጡ፣ ጥርሳቸውን በወይራ ሲፍቁ የኖሩ ናቸው። ስትሮኩ ይሄን አላስተዋቸውም። ያስተዋቸው ቃላቸው ነው። ክልከላው እንዳይጣስ ሲሉ በዙሪያው ሌላ አጥር አጠሩለት፤ በአጥሩ ውስጥ አፋቸው ቆሸሸ።

በክፍል ውስጥ የተማርነው አንድ አሠራር ትዝ አለኝ። ንጹሕ ውሃ ጥቂት ወደ ሳምባ ቢገባ፣ ሳምባ አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። ሳምባ የማይችለው ቆሻሻ ምራቅና የምግብ ፍርፋሪ ተሸክሞ የሚገባውን ነው፤ እሱ ደግሞ ምንም ሳይጠጡ፣ ተኝተውም ይገባል። ስለዚህ አፉ በደንብ ለሚጸዳ፣ ሳሉ ብርቱ ለሆነ በሽተኛ፣ ከምግብ ርቆ ቀጭን ውሃ መስጠት ይቻላል። መጽሐፉ ላይ ግን አሠራሩ የተጻፈው ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰ አፍ የሚያጸዳ ነርስ ላለበት ሆስፒታል ነው። አንብቤ ስጨርስ «እኛ ጋ አይሆንም» ብዬ አልፌው ነበር።

ኔትወርክ የሚገኘው ከማሳው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። እንደገና ወጥቼ ለመምህርት ሰብለ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት።

«አፋቸውን ማን ያጸዳዋል?» አለችኝ።

«ራሳቸው። ከየሶላቱ በፊት።»

«የሚረሱበት ቀን ቢኖርስ?»

«ሶላት አይረሱም።»

ወረቀት ስትገልጥ ሰማሁ።

«ለተ፣ ስሚኝ» አለች በመጨረሻ። «አልከለክልሽም፣ አሁን ግን አልፈቅድም። ትኩሳቱ መጀመሪያ ይውረድ። አፋቸው ይጽዳ። ዶክተሩ ሳምባቸውን ሰምቶ ይስማማ። የመመረቂያ ፈተናሽን እዚያው መጥቼ እሰጥሻለሁ። እኔ ሳልኖር ጠብታ አታቀምሺም።»

«እሺ።»

«ስህተት ከሆነ አንቺ ትወድቂያለሽ፤ እሳቸው ግን ይሞታሉ። እኩል አይደለም፣ እንዳትረሺ።»

አልረሳሁም።

ወርጄ ለሸህ እንድሪስ ውሃውን ለመጠጥ ሳይሆን ለውዱእ እንደመለስኩላቸው ነገርኳቸው። የሚጉመጠመጡበትን መንገድ ግን ቀየርን። ቀና ማለት ቀረ። ሳፋ ፊታቸው ይቀመጣል፤ አገጫቸውን ወደ ደረት ዝቅ ያደርጋሉ፤ እፍኝ የማትሞላ ውሃ በደኅነኛው ጉንጭ በኩል ይይዛሉ፤ በጣታቸው የግራ ጉንጫቸውን ይጠርጋሉ፤ ወደ ሳፋው ይተፋሉ። መፋቂያው ተመለሰ።

«ሰውነቴ ተመለሰልኝ» አሉ። ስለ መጠጡ ምንም አልጠየቁኝም።

እስከዚያው ድረስ ፋጡማ ወፍራሙን ውሃ ሎሚ ጠብ አድርገው በማንኪያ ያቀርባሉ። እኔም እየተመላለስኩ ጉሮሯቸውን ማሠራት ጀመርን። ምላስን ማንኪያ ላይ መግፋት አለ፤ በኃይል መዋጥ አለ። ከሁሉ የከበደው ትንፋሽን ይዞ መዋጥ፣ ወዲያው መሳል፣ ከዚያ መተንፈስ ነው። በመጽሐፉ ቋንቋ ሳስረዳቸው ግራ ገባቸው። አንገታቸውን እየነካሁ «ሁለት መንገድ አለ፣ የአየርና የምግብ፤ ለምግቡ ሲከፈት የአየሩ መዘጋት አለበት» አልኳቸው።

«እንዴ፣ መጀመሪያ ለምን አልነገርሽኝም!» አሉ። «ሁለት ቦይ ነው በያ! አንዱን ሳትደፍኚ ሌላውን ከለቀቅሽው የጎረቤት ሽንኩርት ይጠፋል።»

«ልክ ነው።»

«ሳሉስ ምን ይሠራል?»

«ሾልኮ የገባ ካለ ይመልሳል።»

«ደለል ጠራጊ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲያ አልተሳሳቱም። ጎረቤት ሊጠይቃቸው ሲመጣ ሳይቀር «ድፈን! ልቀቅ! ጥረግ!» እያሉ ያስተምሩ ነበር። አንድ ጎረቤታቸው ሲሞክር ራሱ ትን ብሎት ፋጡማ ጀርባውን መቱለት።

ትኩሳቱ ወረደ። ምላሳቸው ቀይ ሆነ። ዶክተሩ ለሥራ መርሳ በመጣበት ቀን ቤታቸው ጎራ ብሎ ሳምባቸውን ሰምቶ «ይሞከር» አለ።

መምህርት ሰብለ ከአዲስ አበባ መጣች። መርሳ ላይ ተቀበልኳት። ገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በብርቱካንና በፓፓያ ተዘግቷል። ባጃጁ ውስጥ ማሳዎቹን ታያለች። ስንደርስ ጫማዋን ደጃፍ ላይ አውልቃ ገባች።

«ይቺ ናት የአንቺ አለቃ?» አሉ ሸህ እንድሪስ። «ልጅ ናት!»

«ልጅ ብትሆንም ታስፈራለች» አልኳቸው።

«አሰላሙ አለይኩም ሸህ እንድሪስ» አለች ሰብለ።

«ወአለይኩም ሰላም። ነይ ተቀመጪ። አንቺ ከፈቀድሽ ነው አሉ የምጠጣ።»

«ጉሮሮዎ ከፈቀደ ነው።»

ውሃው ላይ ክርክር ተነሳ። ልጃቸው ከመርሳ የታሸገ ውሃ ገዝቶ ልኳል። ሸህ እንድሪስ አልፈልግም አሉ። «የምንጩን አምጡልኝ።» ሰብለ ቀጥታ ከምንጭ አይሆንም አለች። «የምንጩ ይሁንና አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፤ ያ የእናንተ ሥራ ነው» አሉ ሸህ እንድሪስ። ፋጡማ ቀድመው ያውቋቸዋል፤ ከማለዳው አፍልተው እንስራ ውስጥ አቀዝቅዘው ኖሯል።

የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ደረሰ። ውዱእ አደረጉ፤ መፋቂያ፣ ሳፋ፣ አገጭ ወደ ደረት። ሰብለ ከሩቅ ቆማ አየች። ሰገዱ። ከዚያ ትራስ ጀርባቸው ላይ ደግፈን ቀጥ አደረግናቸው። መለኪያውን ጣታቸው ላይ አደረግሁ። ባትሪውን አብርቼ አፋቸውን ለሰብለ አሳየኋት። ራስዋን ነቀነቀች።

ስቴተስኮፑን አንገታቸው ላይ አሳርፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ማንኪያውን በእጄ ዳሰስ እያደረግሁ ከንፈራቸው ጋ አደረስኩት።

«ቢስሚላህ» ሲሉ በስቴተስኮፑ ሰማሁት፤ ከመሬት በታች የሚመጣ ድምፅ።

ከዚያ ነፋሱ። ከዚያ ጸጥታ። የማንጎው ቅጠል፣ የፋጡማ መቁጠሪያ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ውሃ ሁሉ ከእኔ ራቀ። እዚያ ጨለማ ውስጥ እኔና የሸህ እንድሪስ ጉሮሮ ብቻ ነበርን። ጸጥታው ረዘመ። ከዚያ ጠጠሩ ወደቀ። ትንሽ ሳል፤ ደረቅ፣ ብርቱ። ትንፋሹ ተመለሰ።

ንጹሕ ነበር።

«"አ" ይበሉ ሸህዬ።»

«አልሃምዱሊላህ!»

«"አ" ብቻ።»

«ይሄ ይበልጣል።»

ድምፃቸው ደረቅ ነው። ሁለተኛ ማንኪያ፤ ንጹሕ። ከዚያ ከኩባያ ጥቂት ተጎነጩ። በዚህኛው ክፉኛ ሳሉ። ፋጡማ ዘለው ተነሱ፤ ሰብለ ክንዳቸውን ያዘቻቸው። «ይሳሉ፣ ይተዉአቸው። መሳላቸው ነው የሚያድናቸው።» መለኪያው አልወረደም። ሳላቸው ሲያበቃ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ከሳሉ ይሁን ከሌላ አላወቅሁም። ኩባያውን በደኅነኛ እጃቸው ይዘው ውስጡን አዩት።

«ይታያል» አሉ። «ታቹ ይታያል። ያ የምታወፍሩት ታቹ አይታይም።»

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን። ግማሹን ቃል አልሰማነውም፤ «አሚን» ግን አላቋረጥንም።

ደንቡን ሰብለ ራሷ ነገረቻቸው። ውሃ ከውዱእ በኋላ ብቻ። ምግብ በልተው ከሆነ አፍ እንደገና ይጸዳል፤ ትንሽ ይቆያል። ተቀምጠው፣ በትንሽ በትንሹ፣ ሰው አጠገባቸው ሳለ። ምግቡና ሌላው መጠጥ እንደ ወፈረ ይቆያል። ሸህ እንድሪስ አንድ በአንድ መልሰው ነገሯት። እኔ ግን ከዚያ አልፌ ጠየቅኳቸው፦

«ሸህዬ፣ እኛ ያላልነው ነገር የጨመሩበት አለ?»

«ያላችሁትን ብቻ ነው የያዝኩት።»

«ለምሳሌ ከውዱእ ውጭ አፍዎ ቢደርቅስ?»

«እጠብቃለሁ።»

«አይጠብቁም። ይጉመጠመጡ፤ ከዚያ ይጠጡ።»

«እህ» አሉና ወደ ፋጡማ ዞሩ። «ሰማሽ? ጆጉን እዚህ አስቀምጪ።»

ወደ መርሳ ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ሰብለ ወደ እኔ ዞረች። «ሁለተኛውን ማንኪያ ከፍ አድርገሽ ነው የያዝሽው። አገጫቸውን አስነሳሻቸው።»

«አዎ፣ ታውቆኛል።»

«ሌላው ደኅና ነው» አለች። ፈተናውን ያለፍኩት በዚህች ቃል ነው።

ትኩሳቱ አልተመለሰም፤ ቱቦውም። ንግግራቸው በከፊል ተሻሻለ እንጂ እንደ ድሮው አልሆነም። የቦዩን ሥራ ለሌላ ሰው አስረከቡ፤ ገበሬዎቹ በተራ ሲከራከሩ ግን አሁንም እሳቸው ጋ ይመጣሉ፤ እሳቸውም ቃላቸው ተንጠባጥቦም ቢሆን ይፈርዳሉ። የክራንቹ ክፍል አሁን የእኔ ክፍል ሆኗል፤ ተማሪዎች ይመደቡልኛል።

በሽተኛ ትእዛዛችንን ሲጥስ ምን እንደሚደርስበት በክፍል ውስጥ እንማራለን። ከልኩ አልፎ ሲጠብቀው ምን እንደሚደርስበት ግን ቤቱ ሄዶ ያላየ ሐኪም አያውቅም። ስለዚህ አንድ ነገር የከለከልኩትን ሰው ቤቱ ሄጄ አየዋለሁ። «ጠጣህ ወይ?» ብዬ አልጀምርም። «ከከለከልኩህ ወዲህ ሌላ ምን ምን ተውክ?» ብዬ ነው የምጀምረው።